ሕመም የሌለው የመንጋጋ እብጠት

የልጅ ጉንጭ ሲያብጥ ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚጠራው ስም ጆሮ ደግፍ ነው። ሁለተኛው የጥርስ ሕመም ነው። ሁለቱም ግምቶች ብዙ ጊዜ ልክ ናቸው። ጆሮ ደግፍ ከሆነ በሳምንት በአስር ቀን ይጎድላል። የተበላ ጥርስ መግል ከቋጠረ ደግሞ ልጁ ሌሊቱን ሲያለቅስ ያድራል፣ ያተኩሰዋል፣ ማንም ሳይመክር ወደ ሐኪም ይኬዳል። ችግሩ ያለው ሁለቱንም ባልሆነው ሦስተኛው እብጠት ላይ ነው። አይጎድልም፣ አያምም፣ አያተኩስም። በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ይገፋል። ልጁ ይበላል፣ ይጫወታል፣ ትምህርት ቤቱን ይሄዳል። ስለዚህ ማንም አይቸኩልም።

ከእንዲህ ዓይነቱ እብጠት ጀርባ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሐኪሞች ሲስት የሚሉት ነገር ነው። በመንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚያድግ፣ የራሱ ስስ ግድግዳ ያለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ማለት ነው። ሲስት ከሌሎቹ አጥንቶቻችን ሁሉ ይልቅ በመንጋጋ ውስጥ ይበዛል። ምክንያቱ ጥርስ ነው። ጥርስን የሠሩት ሕዋሳት ሥራቸውን ሲጨርሱ ሙሉ በሙሉ አይጠፉም። ቅሪታቸው በአጥንቱ ውስጥና በድዱ ሥር ተኝቶ ይቆያል። ከዓመታት በኋላ አንድ ነገር ሲቀሰቅሳቸው እንደገና መባዛት ይጀምራሉ፤ ከረጢት ይሠራሉ። ከረጢቱ ፈሳሽ ይስባል፣ ይሰፋል፣ በዙሪያው ያለውን አጥንት ገፍቶ ያሟሟዋል።

አብዛኞቹ የመንጋጋ ሲስቶች ነቀርሳ አይደሉም። ይህን አስቀድመን መናገራችን አንባቢ በከንቱ እንዳይደነግጥ ነው። ነገር ግን «ነቀርሳ አይደለም» ማለት «ይቆይ» ማለት አይደለም። በውጭ ሲታዩ ፍጹም የሚመሳሰሉ፣ በውስጥ ግን ጨርሶ የማይገናኙ ከደርዘን በላይ የበሽታ ዓይነቶች አሉ። አንዱ በአንድ ቀን ሥራ ይድናል። ሌላው ከዓመታት በኋላ ይመለሳል። ሦስተኛው ግማሽ መንጋጋ ያስከፍላል። የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ የተጀመረ ሕክምና ዕድል ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ጉዳዩን ከይርጋጨፌ ተነስተን እንከተለው። ስሟን አብዛኞቻችን ከቡና ስኒ እናውቃታለን። በጌዴኦ ዞን፣ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከዲላ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። በአዲስ አበባ ወይም በሐዋሳ የሚኖር ብዙ ቤተሰብ በዚያ አካባቢ አጎት፣ አክስት ወይም አያት አለው። «ልጁ ጉንጩ አብጦ ነበር፣ አላምም ስላለው ተውነው» የሚለው የስልክ ወሬም የሚደርሰው ለከተማው ዘመድ ነው። ታዲያ ምን ብሎ መመለስ ይገባል?

እዚያው ከተማ ላይ የሚታወቀው

ብዙ ሰው ምርመራ የሚጀምረው ከትልቅ መሣሪያ ይመስለዋል። በመንጋጋ ሲስት ግን የመጀመሪያዎቹ ፍንጮች ገንዘብም ኤሌክትሪክም አይጠይቁም። የትኛውም ጤና ጣቢያ ወይም የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ውስጥ ያለ ጠንቃቃ ባለሙያ ሊያገኛቸው ይችላል።

አንደኛው ፍጥነት ነው። መቼ ጀመረ? ከባለፈው ፋሲካ ወዲህ ነው ወይስ ከባለፈው ሳምንት? ዓመት የወሰደ እብጠትና በሦስት ሳምንት ፊትን የቀየረ እብጠት አንድ አይደሉም። እዚህ ላይ የጎረቤት አገር ታሪክ ይጠቅመናል። እ.ኤ.አ. በ1958 ዴኒስ በርኪት የተባለ አየርላንዳዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል ሲሠራ በሕፃናት መንጋጋ ላይ እጅግ በፍጥነት የሚያድግ እብጠት ማየቱን ጽፎ አሳተመ። ዛሬ በእርሱ ስም በርኪት ሊምፎማ የሚባለው ነቀርሳ ነው። ወባ በሚበዛባቸው የአፍሪካ አካባቢዎች በብዛት ይታያል። መልካሙ ነገር በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት የመዳን ዕድሉ ከፍተኛ መሆኑ ነው። ስለዚህ የትንሽ ልጅ መንጋጋ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ እያበጠ፣ ጥርሶቹም እየተነቃነቁ ከሆነ ቀጠሮ የሚጠበቅበት ጉዳይ አይደለም። በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል የሚኬድበት ነው።

ሁለተኛው የጥርስ ቆጠራ ነው። ከእብጠቱ ጎን ያለው ጥርስ በዕድሜው መብቀል ሲገባው ቀርቷል? የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ክራንቻ በአንድ በኩል ወጥቶ በሌላው በኩል ካልወጣ የቀረው ጥርስ አጥንቱ ውስጥ ታፍኖ ሊሆን ይችላል። በዙሪያውም ሲስት ሊሠራ ይችላል። በሕፃንነት «ግግ» ተብሎ የጥርስ ቡቃያው ተወግዶ ከነበረም ወላጅ ሳያፍር ለሐኪሙ መናገር አለበት። ይህ ልማድ በበርካታ የአገራችን ክፍሎች የሕፃናትን ተቅማጥና ትኩሳት ያቆማል ተብሎ ሲደረግ የኖረ ነው። ተቅማጥ አያቆምም። ከሥሩ ያለውን የቋሚ ጥርስ ቡቃያ ግን ይጎዳል፤ በኋላ የሚበቅለው ጥርስ ሊጣመም ወይም ጭራሽ ላይወጣ ይችላል። ይህን ያላወቀ ሐኪም ራጁን ሲያነብ ግራ ሊጋባ ይችላል።

ሦስተኛው ቅዝቃዜ ነው። ባለሙያው በጣም የቀዘቀዘ ጥጥ ወይም ትንሽ በረዶ እያንዳንዱ ጥርስ ላይ ያስነካል። በሕይወት ያለ ጥርስ ይሰማዋል፤ ውስጡ የሞተ ጥርስ ዝም ይላል። ይህች ቀላል ሙከራ የምርመራው መንገድ የሚለይባት መስቀለኛ ናት። ከእብጠቱ በላይ ያለው ጥርስ የሞተ ከሆነ ሲስቱ ከዚያው ከተበላ ጥርስ ሥር የተነሳ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ከሁሉም የመንጋጋ ሲስቶች በብዛት የሚታየውም ይህ ነው። ጥርሶቹ ሁሉ በሕይወት ካሉና አጥንቱ ግን ከተነፋ ነገሩ ሌላ ነው፤ ከተለመደው ውጭ ያለውን መጠርጠር ያስፈልጋል።

አራተኛው የታችኛው ከንፈር ነው። ሲስት ነርቭን ቀስ ብሎ ገፍቶ ቦታ ያስለቅቃል እንጂ በአብዛኛው አያደነዝዝም። መግል ሳይኖር ከንፈር ወይም አገጭ ከደነዘዘ ግን ሐኪሙ የከፋውን ማሰብ ይጀምራል።

ከዚህ በተቃራኒ ሊደረጉ የማይገባቸው ነገሮች አሉ። እብጠቱን መብጣት፣ በጋለ ብረት መተኮስ፣ ቅጠል ማሰር፣ «ጥርሱ ይሆናል» ብሎ አጠገቡ ያሉትን ጥርሶች አንድ በአንድ ማስነቀል። በተለይ የመጨረሻው በከተማም በገጠርም የተለመደ ስህተት ነው። ሲስት ውስጥ የቆመ ጥርስ ሲነቀል በስሶ የቀረው አጥንት ሊሰበር ይችላል። ጀርሞችም ወደ ከረጢቱ መግቢያ በር ያገኛሉ። ንጹሕ የነበረው ሲስት መግል ሲይዝ ደግሞ በኋላ በማይክሮስኮፕ የሚታየው መልኩ ይበላሻል። ይህን ከታች እናነሳዋለን።

ራጅ የሚናገረውና የማይናገረው

የሚቀጥለው ማቆሚያ ራጅ ነው። ሙሉውን መንጋጋ ከጆሮ እስከ ጆሮ በአንድ ፊልም የሚያሳየው ፓኖራሚክ ራጅ ከተገኘ መልካም ነው። ካልተገኘ ተራው የሆስፒታል ራጅ በጎን ሲነሳም የታችኛውን መንጋጋ ያሳያል። ሲስት በፊልሙ ላይ ጥቁር፣ ክብ፣ ዳርቻው በቀጭን ነጭ መስመር የተከበበ ጥላ ሆኖ ይወጣል። ታካሚውም አስታማሚውም ያን ጥላ ሲያዩ «ተገኘ» ብለው እፎይ ይላሉ። በእርግጥ የተገኘው ቦታው ነው። ስሙ ገና ነው።

ጥላው በሞተ ጥርስ ሥር ጫፍ ላይ ከተንጠለጠለ የመጀመሪያውን ዓይነት ያመለክታል። ያልበቀለ ጥርስን አናት እንደ ቆብ ከከበበ በብዛቱ ሁለተኛ የሆነውን፣ በተለይ በመጨረሻው የታች መንጋጋ ጥርስና በላይኛው ክራንቻ ዙሪያ የሚሠራውን ያመለክታል። ነገር ግን ኬራቶሲስት የሚባለው አስቸጋሪ ሲስትም ያልበቀለ ጥርስን ከብቦ ሊገኝ ይችላል። ይህኛው አጥንቱን ወደ ጎን ከማሳበጥ ይልቅ በመቅኒው ውስጥ ለውስጥ በርዝመት ስለሚሄድ ፊት ላይ ሳይታወቅ ግማሽ መንጋጋ ሊያዳርስ ይችላል።

ከዚያ ደግሞ አሜሎብላስቶማ አለ። እርሱ ሲስት ሳይሆን እጢ ነው። በአብዛኛው ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል አይዛመትም፤ በዙሪያው ያለውን አጥንት ግን እየበላ ይሄዳል። በፊልም ላይ አንዳንዴ እንደ ሳሙና አረፋ በተደራረቡ ክፍሎች ይታያል፣ አንዳንዴ ግን ከተራ ሲስት የማይለይ አንድ ነጠላ ጥላ ነው። ከጥርስ ሠሪ ሕዋሳት በሚነሱ እጢዎች መካከል በአፍሪካ በብዛት የሚታየው እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ቢኤምሲ ኦራል ሄልዝ በተባለው መጽሔት የወጣ፣ በኢትዮጵያ የስምንት ዓመት መዛግብትን የቃኘ ጥናትም ቀዳሚው አሜሎብላስቶማ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ በአገራችን ሐኪም ፊት የተቀመጠ ጥቁር ጥላ «ሲስት ነው» ተብሎ በራጅ ብቻ መፈረድ የለበትም።

በተቃራኒው አስደንጋጭ መስሎ ምንም ያልሆነም አለ። እ.ኤ.አ. በ1942 ስታፍኔ የተባለ ሐኪም ከታችኛው መንጋጋ ማዕዘን አጠገብ የሚታይ ጥቁር ጉድጓድ ገለጸ። ጉድጓዱ ሲስት አይደለም። የምራቅ ዕጢ ጠጋ ብሎ የተቀመጠበት የአጥንት ስርጉድ ነው። ሕክምና አያስፈልገውም። እንዲሁም በወጣቶች ላይ ለሌላ ጉዳይ በተነሳ ራጅ በአጋጣሚ የሚገኝ፣ ሲከፈት ባዶ ወይም ጥቂት ፈሳሽ ብቻ ያለበት ጉድጓድ አለ፤ ሲስት ይባላል እንጂ ግድግዳ የለውም። ሐኪሙ ከፍቶ ሲያየው በደም ይሞላና አጥንቱ ራሱን ይሠራል።

ናሙናው መንገድ ላይ ሲጠፋ

በዚህ ሁሉ ውስጥ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ናሙና ነው። የቀዶ ሕክምና ባለሙያው በመጀመሪያ ብዙ ጊዜ በመርፌ ፈሳሹን ስቦ ያየዋል። እንደ ገለባ ቢጫ ሆኖ በብርሃን ላይ የሚያብለጨልጭ ከሆነ የተለመደ ሲስት ነው ብሎ ያስባል። እንደ አይብ የነጣና የወፈረ ከሆነ ኬራቶሲስትን ይጠረጥራል። ምንም ካልመጣ ምናልባት እጢ ነው። ደም በኃይል ከመጣ ደግሞ እጁን ይሰበስባል፤ የደም ስር እብጠት ሳይታወቅ ቢከፈት ታካሚውን ሊገድል ይችላልና። ይህች መርፌ ርካሽ ናት፣ ከቢላዋ ግን መቅደም አለባት።

ቀጥሎ ከግድግዳው ቁራጭ ተወስዶ ወደ ፓቶሎጂ ይላካል። እዚያ በሰም ውስጥ ተቀብሮ፣ ከፀጉር ውፍረት እጅግ በቀጠነ ሁኔታ ተቆርጦ፣ ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ይታያል። የኬራቶሲስት ግድግዳ ከስድስት እስከ ስምንት ሕዋሳት ብቻ የተደራረቡበት፣ ላዩ የሞገደ ስስ ሽፋን ነው። ሲስቱ በመግል ከተመረዘ ይህ መልክ ይፈርሳልና ባለሙያው ተራ ሲስት ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ቀደም ሲል ጥርስ በዘፈቀደ አይነቀል ያልነው ለዚህም ጭምር ነው።

ብርቅ የሆኑት ዓይነቶች የሚታወቁትም እዚህ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በደቡብ አፍሪካ ሁለት ተመራማሪዎች የምራቅ ዕጢ የሚመስሉ ሕዋሳት ያሉበት እንግዳ የመንጋጋ ሲስት ገለጹ። በቀጣዩ ዓመት ዕጢያማ ሲስት የሚል ትርጉም ያለው ስም ወጣለት። ከመንጋጋ ሲስቶች ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ነገር ግን ደጋግሞ ይመለሳል፤ ከዚያም በላይ በማይክሮስኮፕ ሥር ከአንድ የምራቅ ዕጢ ነቀርሳ ጋር ሊምታታ ይችላል። ትንሽ ቁራጭ ብቻ ተልኮ ከሆነ ልምድ ያለው ባለሙያም ቢሆን ይቸገራል።

እንግዲህ ከይርጋጨፌ ወይም ከዲላ አንጻር ነገሩን ስናየው ቀላል የሚመስል ግን ብዙ ነገር የሚበላሽበት ቦታ ይህ ነው። ቁራጩ ከሰውነት እንደወጣ ወዲያውኑ ፎርማሊን ውስጥ መግባት አለበት። ፈሳሹ ከቁራጩ ቢያንስ አሥር እጥፍ መሆን አለበት። በደረቅ ጨርቅ ተጠቅልሎ ወይም በጨው ውሃ ውስጥ አድሮ በአውቶቡስ የመጣ ሥጋ በስብሶ ይደርሳል፤ የሚነበብ ነገር አይተርፈውም። ዕቃው ላይ የታካሚው ስም፣ ዕድሜ፣ የወጣበት ቦታና ቀን ይጻፍ። ከእርሱ ጋር የራጁ ቅጂ ይሂድ። የመንጋጋን ናሙና ያለ ራጅ ማንበብ ደብዳቤን ከመሐል ገጽ እንደመጀመር ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ናሙናው ጭራሽ አለመላኩ ነው። ጥርስ ሲነቀል ከሥሩ ተያይዞ የወጣ ከረጢት፣ ወይም «ተጠርጎ ወጣ» የተባለ ሲስት ወደ ቆሻሻ ሲጣል መልሱም አብሮ ይጣላል። ስለዚህ ታካሚም ሆነ አስታማሚ «የወጣው ነገር ለፓቶሎጂ ይላካል ወይ?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። ጥሩ ሐኪም በዚህ ጥያቄ አይቆጣም።

የከተማው ዘመድ ድርሻ

የአገራችን የጤና አገልግሎት በሦስት እርከን የተዘረጋ ነው። ጤና ጣቢያና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ጠቅላላ ሆስፒታል፣ ከዚያ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል። ለይርጋጨፌ ነዋሪ ይህ መንገድ ወደ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ ወደ ሐዋሳ፣ ካስፈለገም ወደ አዲስ አበባ ያመራል። በአዲስ አበባ የካቲት 12 እና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች በአፍ፣ በፊትና በመንጋጋ ቀዶ ሕክምና ስማቸው የሚነሳ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያለው ቤተሰብ የሪፈር ወረቀቱን ሳይዝ አይነሳ። «አዲስ አበባ ይሻላል» ብሎ በቀጥታ መምጣት ብዙ ጊዜ ወጪውን ወደ ኪስ ያዞረዋል።

ከመነሳት በፊት የራጁ ፎቶ በቴሌግራም ይምጣ። ፊልሙን በመስኮት ብርሃን ላይ ይዞ፣ ፍላሽ አጥፍቶ ማንሳት ይበቃል። ለውሳኔ አይሆንም፣ ግን ከተማ ያለው ዘመድ ትክክለኛውን ክፍል ጠይቆ ቀጠሮ እንዲይዝ ያስችላል። አያት ወይም አክስት የሚያስታምሙ ከሆነና በጌዴኡፋ ይበልጥ የሚግባቡ ከሆነ አብሮ የሚገባ ሰው ይኑር። «መቼ ጀመረህ?» የሚለው ጥያቄ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከላይ አይተናልና መልሱ በትርጉም መሐል መጥፋት የለበትም።

በጌዴኦ የገንዘቡ ወቅት የቡናው ወቅት ነው። ቀዩ ቡና የሚለቀመው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ያኔ እጅም አይፈታም። የማያም እብጠት ደግሞ ለመልቀሚያው፣ ከዚያ ለሽያጩ፣ ከዚያ ለሠርጉ ቦታ ይለቃል። ለቀስተኛው ሲስት ሁለት ወር ላያጎድል ይችላል። ግን ቀስተኛ መሆኑን አስቀድሞ ያረጋገጠ ሰው ሊኖር ይገባል። ለራጅና ለአንድ ቀን ምርመራ ዲላ ደርሶ መመለስ ከለቀማው መሐልም ይቻላል።

ስሙ ለምን ያን ያህል ያስፈልጋል?

ምክንያቱም ሕክምናው የሚከተለው ስሙን ነው። የሞተ ጥርስ ሲስት ጥርሱ ታክሞ ወይም ተነቅሎ ከረጢቱ ሲወጣ ያልቃል። በጣም ትልቅ ከሆነ ሐኪሙ በአንድ ጊዜ ከማውጣት ይልቅ ቀዳዳ ከፍቶ ፈሳሹ እየወጣ በወራት እንዲሟሽሽ ሊያደርገው ይችላል፤ በተለይ ልጆች ላይ የታፈነውን ጥርስና ነርቩን ያተርፋል። ኬራቶሲስት ግን ግድግዳው ስስና ተበጣሽ ስለሆነ ጥቂት ሕዋስ ከቀረ ተመልሶ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2005 እጢ ብሎ መድቦት ነበር፤ በ2017 ወደ ሲስትነት መለሰው። አሜሎብላስቶማን እንደ ሲስት ጠርጎ ማውጣት ደግሞ መልሶ እንዲያድግ መተው ነው፤ ብዙ ጊዜ ከጤናማ አጥንት ጭምር ተቆርጦ መውጣት ይኖርበታል። በሁለት ሴንቲ ሜትር ላይ ሲያዝና ግማሽ ፊት ከያዘ በኋላ ሲያዝ የሚቆረጠው አጥንት መጠን አይገናኝም።

ኬራቶሲስት በአንድ ወጣት መንጋጋ ውስጥ ሁለት ሦስት ሆኖ ከተገኘ ምርመራው ከመንጋጋ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1960 ጎርሊንና ጎልትዝ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች የገለጹት በዘር የሚተላለፍ ሁኔታ አለ። መንጋጋ ውስጥ በርካታ ሲስቶች፣ በመዳፍ ላይ ጥቃቅን ስርጉዶች፣ የጎድን አጥንት መንታ መሆን፣ የቆዳ ነቀርሳ አብረው ይሄዳሉ። ቆዳችን ጠቆር ያለ በመሆኑ የቆዳው ነቀርሳ በእኛ ላይ እምብዛም ስለማይታይ፣ የመጀመሪያው ምልክት መንጋጋ ሊሆን ይችላል። ያኔ ወንድሞችና እህቶችም፣ አባትና እናትም ይታያሉ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ታካሚው ይርጋጨፌ ሲመለስ አብረውት መመለስ ያለባቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ የፓቶሎጂው ውጤት ቅጂና የራጆቹ ፊልሞች። ኬራቶሲስት የነበረበት ሰው ለብዙ ዓመታት፣ መጀመሪያ ላይ ቢያንስ በየዓመቱ፣ ራጅ መነሳት ይኖርበታል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ የተመለሰበት ሰውም አለ። ጥር ላይ፣ ቡናው ተሽጦ እጅ ሲፈታ፣ ዲላ ወርዶ መነሳት ይቻላል። ሐኪሙ ግን አዲሱን ፊልም የሚያነበው ከአምናው ጋር አስተያይቶ ነውና የአምናው ፊልም ከቤት ሳይረሳ ይያዝ።